ተምርና ለውዝ «የሀብታም ምግብ ነው» ላላችሁኝ

ባለፈው እሁድ ማታ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ሰሃን ላይ የተደረደሩ፣ ሰሊጥ የለበሱ ትንንሽ ድብልብል ነገሮች። «ከተምርና ከለውዝ፣ ያለ ኦቨን፣ በራሴ እጅ» ብዬ ጻፍኩና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ኮሜንቱ ሌላ ዓለም ሆኖ ጠበቀኝ።

የድሮ ተማሪዎቼ እንደለመዳችሁት ቀልዳችሁብኛል። «አቦ ቲቸር፣ ኬሚስትሪውን ትተህ ሼፍ ሆንክ?» ያልከኝን ልጅ አውቅሃለሁ። ሞል ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስረድቼህ ያልገባህ ልጅ ነህና ብዙም አልተቀየምኩም። «ወንድ ልጅ ኩሽና ምን ይሰራል?» ላላችሁትም መልሴ አጭር ነው፤ ይበላል። የሚበላ ደግሞ ቢሰራም ችግር የለውም።

ሁለት ኮሜንቶች ግን ከቀልድ በላይ ሆነውብኝ ሳምንቱን ሙሉ ሳስብባቸው ከረምኩ። አንደኛው «ይሄ የሀብታም ምግብ ነው፤ የመምህር ደሞዝ ተጨመረ እንዴ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ከአንዲት እናት ነው፤ «ቲቸር፣ እኔም እሰራው ነበር፤ ልጄ ግን ትምህርት ቤት ይዞት አይሄድም። የታሸገ ካልሆነ ይስቁበታል» ይላል። የመጀመሪያው የሂሳብ ጥያቄ ስለሆነ ቶሎ እንጨርሰው። የሁለተኛው ነው ዛሬ ያስጻፈኝ።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ነገ ጠዋት ቀፊራ ስትወርዱ ያስቅብኛል። ግን ሚስቴና እኔ ለሁለት ሳምንት ለልጆቹ ለእረፍት ሰዓት የምናወጣውን እያንዳንዷን ሳንቲም መዝግበን ነበር። ሁለት ልጆች አሉን፤ አንዷ ሁለተኛ ክፍል፣ አንዱ ኬጂ። በቀን አንዳንድ ብስኩት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የታሸገ ጁስ። ድምሩን ስናየው ሚስቴ «ይሄ እኮ ዘይት ይገዛ ነበር» አለች። አንድ ዙር ድብልብል፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ተምር፣ ግማሽ ኪሎ ለውዝ፣ ትንሽ ሰሊጥና በሶ፣ ወደ 40 ፍሬ ይወጣዋል። ለሁለት ልጆች ሁለት ሁለት ፍሬ ብትሰጡ 10 የትምህርት ቀን ይሄዳል። በእኛ ቤት ሂሳብ ከብስኩቱ አነሰ። ተምሩን ደግሞ ያንን በካርቶን ተሰድሮ የሚያብረቀርቀውን አልገዛም። ተጠቅጥቆ የሚመጣውን፣ በኪሎ እየተቆረጠ የሚሸጠውን ነው። ለመውቀጥ መልኩ ምን ያደርግልኛል? ዘንድሮ የተማርኩት ሌላ ነገር፣ የረመዳን ዋዜማ ላይ ተምር አይገዛም። ቀደም ብሎ ወይ በኋላ ነው።

እውነቱን ልናገር ግን። ብስኩትም ገዝቶ የማያውቅ ቤት አለ። ለዚያ ቤት ተምር ተጨማሪ ወጪ ነው፤ «ቁጠባ ነው» ብዬ አላሾፍበትም። ለእሱ ደግሞ የማወራው ሌላ ነገር አለኝ፣ ወደ በሶው ስደርስ።

«የሀብታም ምግብ» የሚለው ቃል ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ፕላምፒ ነት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ የተሰራ ነው፤ አሁን አገራችን ውስጥም ይመረታል። ውስጡ ምንድነው? የተፈጨ ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን። ማብሰል የለ፣ ማሞቅ የለ፣ ውሃ መጨመር የለ፤ ቀዶ መመገብ ብቻ። በዓለም ላይ በጣም የተራበውን ልጅ ከሞት የሚያወጣው ምግብ መሠረቱ ለውዝ ነው። የእኔ ድብልብል መድኃኒት አይደለም፣ ከእሱ ጋርም አይወዳደርም። ግን ለውዝን የሀብታም ያደረገው ማነው? ከተማ ውስጥ ካፌዎች «ኢነርጂ ቦል» ብለው በሚያምር ወረቀት ጠቅልለው ሲሸጡት እኮ ነው የሀብታም የመሰለን። ባቢሌ ለእኛ እዚሁ ጓሮ ናት። በሐረርጌ ለውዝ ያላደገ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ።

አሁን ወደዚያች እናት ልምጣ።

እህቴ፣ ልጅሽ ውሸቱን አይደለም። እኔ በየቀኑ አየዋለሁ። ሃይስኩል ነው የማስተምረው፤ ትልልቅ ልጆች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከእኔ ይረዝማሉ። በእረፍት ሰዓት ቺፕስ የያዘ ልጅ ላስቲኩን ሲቀድ ድምጹ ከክፍሉ ጫፍ ይሰማል። መሃል ላይ ቆሞ ነው የሚበላው። ቆሎ የያዘ ልጅ ግን እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ አንድ አንድ ፍሬ እያወጣ፣ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ይበላል። ሲጋራ የሚያጨስ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን አንዱን «ምን ይዘሃል?» ብዬ ጠየቅኩት፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ሌላ ነገር ጠርጥሬ ነው። ደንግጦ «ምንም ቲቸር» አለኝ። ኪሱን ሲያወጣው የሽምብራ ቆሎ ነው። ሞባይል ብይዝበት እንደዚያ አያፍርም ነበር። እኔም አብሬው አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ፈረቃ የሚማሩትን ደግሞ በተለይ ተመልከቱ። የድሬን የስምንት ሰዓት ሙቀት ታውቁታላችሁ። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግማሹ ክፍል ራሱን ዴስክ ላይ ይጥላል። ድሮ ስንፍና ይመስለኝ ነበር፤ እቆጣለሁ፣ አስወጣለሁ። አሁን መጀመሪያ «ምሳ በልተሃል?» እላለሁ። ምገባው ትንንሾቹን ነው የሚያየው፣ እኛ ጋ አልደረሰም። ከእነዚህ ልጆች ውስጥ ቤቱ ምንም የሌለው አለ፤ ለእሱ የኔ ጽሑፍ መፍትሔ አይደለም። ግን ቤቱ በሶ እያለ፣ ቆሎ እያለ፣ «ይዤ ብሄድ ይስቁብኛል» ብሎ ባዶ ሆዱን የሚመጣም አለ። የሁለቱን ልዩነት ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

እንዴት አወቅከው ካላችሁኝ፣ እኔ ራሴ እዚያ ነበርኩ።

እናቴ ለገሃር በር ላይ ለውዝ ትሸጥ ነበር። ያኔ የጅቡቲው ባቡር ይሰራል፤ ባቡር የሚገባበት ቀን ገበያዋ ነው። ከባቡሩ የሚወርደው ኮንትሮባንድ ተምርና ብስኩት፣ ወደ ባቡሩ የሚወጣው የእናቴ ለውዝ። መጠቅለያው የእኔ ያለቀ ደብተር ነው። አንድ ጊዜ የክፍሌ ልጅ ለውዝ ገዝቶ ወረቀቱን ሲፈታው የእኔን የሒሳብ ውጤት አገኘው፤ ከአስር ሦስት። እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው የተሳቀብኝ።

ይቺ እናት ጠዋት ጠዋት ለእኔ የበሶ ጭብጦ ትሰራልኝ ነበር። በሶውን በትንሽ ዘይትና ጨው አሽታ፣ የለውዝ ስባሪ ጨምራ፣ ስኳር ካለም ስኳር ብጤ፣ በጣቶቿ ጨብጣ። የጣቶቿ ምልክት ላዩ ላይ ይቀር ነበር። በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ትከተዋለች። እኔ ደግሞ ደቻቱ ድልድይ ላይ ስደርስ ወደ ወንዙ እወረውረዋለሁ። አንድ ቀን አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል። ከዚያ ርቦኝ እማራለሁ፤ የሌላውን ልጅ ብስኩት በዓይኔ እያየሁ።

ለዚህ ነው ተምርና ለውዝ ስወቅጥ ፎቶ አንስቼ የለጠፍኩት። ሼፍ ልባል ብዬ አይደለም። ለልጄ ምሳ ዕቃ ውስጥ መጀመሪያ የከተትኩላት ቀን ሳትነካው መለሰችው። «ለምን?» ስላት «ስም የለውም» አለችኝ። ብስኩት ላስቲኩ ላይ ስም አለው፣ ቺፕስ ስም አለው፣ ይሄ ግን ጓደኞቿ «ምንድነው?» ሲሏት የምትመልሰው የላትም። እኔም «እንግዲያው አንቺ ስም አውጪለት» አልኳት። «ድብልብል» አለችው። በማግስቱ ሁለቱንም በልታ መጣች። ከሳምንት በኋላ «አባ፣ አምስት አድርግልኝ፣ ሦስት ጓደኞቼ ይፈልጋሉ» አለችኝ። ሦስቱ ወላጆች እዚህ ፌስቡክ ላይ አላችሁ፤ ተራችሁ ነው።

አሠራሩን በኢንቦክስ የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እዚሁ ልንገራችሁ።

ለውዙ የተቆላ ይሁን። በምጣድ ቆልታችሁ፣ ሲበርድ በእጃችሁ አሽታችሁ ቀዩን ልጣጭ በሰፌድ አበጥሩት። ከዚያ በፊት ግን መልቀም አለ። እናቴ አንድ ኪሎ ለውዝ ለመልቀም ግማሽ ሰዓት ትቀመጥ ነበር። የጠቆረውን፣ የተጨማደደውን፣ አረንጓዴ ወይ ግራጫ ነገር ያለበትን ታወጣለች። «አንድ መራራ ፍሬ ደንበኛ ያባርራል» ነበር የምትለው። እኔ ኮሌጅ ገብቼ ነው ሌላውን ምክንያት ያወቅኩት። ለውዝ እርጥበት ሲያገኝ የሚይዘው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል፤ ጉበትን የሚጎዳ፣ ለረጅም ጊዜ ሲበላ የጉበት ካንሰር የሚያመጣ። መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። መውቀጥ ደግሞ ይደብቀዋል፤ ከተወቀጠ በኋላ የሻገተውን ከጤነኛው መለየት አይቻልም። ስለዚህ ተፈጭቶ የተዘጋጀ ለውዝ ከማታውቁት ሰው አትግዙ። ፍሬውን ግዙና ራሳችሁ ልቀሙት። ገዝታችሁም እርጥበት ያለበት ቦታ አታስቀምጡት።

ተምሩን ፍሬውን አውጡለት። አንድም እንዳይቀር፤ የእኔ ልጅ የወተት ጥርሷን ልትሰብር ነበር። ደርቆ ከሆነ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ ወንፊት ላይ አድርጋችሁ ከፈላ ውሃ በላይ ለአምስት ደቂቃ በእንፋሎት ይለስልስ። ከዚያ ሙቀጫ። መጀመሪያ ለውዙን ዘይቱ እስኪወጣ መውቀጥ፣ ከዚያ ተምሩን እየጨመሩ መውቀጥ፣ አንድ ሲኒ በሶ፣ ቆንጠር ጨው። ጨዋን አትርሱ። በእጃችሁ ስትጨብጡት እምቢ ካለ ሁለት ተምር ጨምሩ፤ ከተጣበቀባችሁ በሶ ጨምሩ። ድቡልቡል አድርጋችሁ አመስ በተደረገ ሰሊጥ ላይ አንከባሉት። አለቀ። መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ግድ የለውም።

ብሌንደር ለምትሉ፣ እኔም ብያለሁ። የጎረቤቴን የጁስ መፍጫ ተውሼ ተምሩን ስከትበት ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ዝም አለ። ተምር ሙጫ ነው። ሞተሩን ለማሠራት የከፈልኩት ብር እስካሁን ሚስቴ አፍ ላይ አለ። ሙቀጫ ግን ተቃጥሎ አያውቅም።

ውሃና ወተት እንዳትጨምሩ የምለው በክፉ አይደለም። የመጀመሪያዬን «ይለስልስ» ብዬ በወተት አሸሁት፤ በድሬ ሙቀት በሦስተኛው ቀን ሽታው አስነሳኝ። የተማሪዎቼ ጆሮ እዚህ ጋ ይቁም፤ ተምር ሳይበላሽ የሚቆየው ውስጡ ያለው ብዙ ስኳር ያለችውን ጥቂት ውሃ አጥብቆ ስለሚይዝ ባክቴሪያ የሚጠጣው ስለሚያጣ ነው። ለውዙ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ከውጭ ውሃ ስትጨምሩ ለባክቴሪያ ድግስ ደገሳችሁ ማለት ነው። ያለ ውሃ ከሰራችሁት፣ በደረቅ ጠርሙስ ክዳኑ ተገጥሞ፣ የእኔ ሁለት ሳምንት ያለ ፍሪጅ ቆይቶልኛል። ከዚያ በላይ አላውቅም፤ ተርፎ አያውቅም።

የሚጠቅመውንም የሚጎዳውንም ልንገራችሁ፣ ነጋዴ አይደለሁምና። 100 ግራም ለውዝ ውስጥ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። በእኔ ልኬት አንዷ ድብልብል ከ3 ግራም በላይ ፕሮቲን ትይዛለች። ስኳሯ ግን 7 ግራም ገደማ ነው፤ የተምር ሁለት ሦስተኛው ስኳር ነው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የምትሉትን ተዉት፣ ጥርስ ላይ እንደውም ይጣበቃል። ከበሉ በኋላ አፋቸውን ይጉመጥመጡ። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ እኔ የኬሚስትሪ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ለሕፃን ልጅ ሙሉ ፍሬ ለውዝ አይሰጥም፣ ያንቃል፤ በደንብ የደቀቀ መሆን አለበት። ተምር አጥታችሁ በማር ከሰራችሁት ዓመት ላልሞላው ልጅ እንዳትሰጡ። ለውዝ የማይስማማው ልጅም አለ፤ ፊቱ ሊያብጥ፣ ትንፋሹ ሊቆረጥ ይችላል። የሌላ ሰው ልጅ ከማጉረሳችሁ በፊት ወላጁን ጠይቁ። እኔ ለልጄ ሦስቱን ለጓደኞቿ ስሰጣት መጀመሪያ ደውዬ ነው።

ለጾም ደግሞ እንዴት እንደሚመች! ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው፣ ወተት የለው። ባለፉት ዓመታት ዓቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው ሲመጡ፣ አንድ ጠርሙስ ሰርቼ ስታፍ ሩም ወስጄ ነበር። እኛ ከቅዳሴ ሰዓት በኋላ ከሻይ ጋር፣ የአረቢኛው መምህርና የስፖርቱ መምህር ደግሞ በወረቀት ጠቅልለው ለአፍጥር ወደ ቤት። በማግስቱ የስፖርቱ መምህር ባለቤት የራሷን ልካ ነበር፤ ሄል ጨምራበታለች። ከእኔ ይሻላል፣ ምን ላድርግ።

ተምር የማይቀመስበት አካባቢ ያላችሁ፣ ዘቢብ ተጠቀሙ። ሁመራና መተማ አካባቢ ያላችሁ ሰሊጡን አብዙት። ለውዝ ከሌለ ሱፍ አለ፣ ኑግ አለ። ሪያድና ዱባይ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼማ ተምሩ እናንተ ጋ ነው፤ በሶውን ከአገር አስልኩ። አንዷ ባለፈው «ቲቸር፣ አሠሪዬ ቤት ለሚገኙት ልጆች ሰርቼላቸው ወደዱት፣ ከየት ተማርሽ አሉኝ» ብላ ጽፋልኛለች። ከዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ በዪያቸው።

ቅድም ወደ በሶው ስደርስ ያልኩት ደግሞ ይሄ ነው። ተምሩም ለውዙም የማይገዛበት ቤት፣ በሶ ካለ ጭብጦ አለ። የእናቴ ጭብጦ ከእኔ ድብልብል የሚለየው ተምር የለውም፤ ሌላው ያው ነው። ሳይጋገር፣ በእጅ ተጨብጦ፣ ልጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ። ካፌው ፈረንጅኛ ስም ስላላወጣለት ነው አፍረንበት የቀረነው። እኔ በሚቀጥለው ሰኞ ክፍል ውስጥ ዴስኬ ላይ አስቀምጬ ልበላው ነው፣ በግልጽ፣ መሃል ላይ ቆሜ። የሽምብራ ቆሎው ልጅ ፊት ለፊት።

ባለፈው ቅዳሜ ለእማዬ ድብልብሉን ወስጄላት ነበር። ዓይኗ ደክሟል፣ ለውዝ መሸጥ ካቆመች ቆየች። በጣቶቿ ዳብሳ፣ አሽትታ፣ ግማሿን ቆርሳ አላመጠች። ዝም አለች። «እንዴት ነው?» አልኳት።

«ለውዙን ደህና ለቅመኸዋል» አለች። «ጨው ግን ጎድሎታል።»

ደቻቱ ድልድይ ላይ ስወረውረው የኖርኩትን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ፌስቡክ የላትም። እህቶቼ፣ ይሄን እንዳታነቡላት።